የጸጋ ስጦታ ለማን ነው?
(የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት)



በእኛ በወጣቶች መካከል የመንፈሳዊ ስጦታ ነገር ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የምንጠያየቀው የእኔ ስጦታ የትኛው ነው በማለት ነው። አንዱ መዘመርን፣ ሌላው መስበክን፣ ሌላው በልሳን መናገርን ይመኛል፤ የተመኘውን ያላገኘ ደግሞ እግዚአብሔር የረሳው ይመስለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ስጦታው ልዩ ልዩ ቢሆንም ሰጪው አንድ እንደ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ የሚሰጠውም ለሁሉ ጥቅም እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ ምን ተሰጠኝ ከማለታችን ጋር ለማን ተሰጠኝ ማለት ይገባናል። ይህን ትምህርት በኑሮአቸው ያሳዩንን የአንድ አባት ታሪክ ዛሬ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አናሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን፣ ትርጉሙም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ከዚያም በልጅነታቸው የባሪያ ነጋዴዎች ነጥቀው ወሰዷቸው፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡም እስከ ምፅዋ ደረሱ። በምፅዋ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸውና በእምኩሉ ለሚገኘው ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በዚያም ተምረው በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቁ። ያን ጊዜ የተሰየሙበት አናሲሞስ የሚለው ስም ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው።

ባርነቱን ስጦታ ነበር አንልም፤ ባርነት ክፉ ነው፤ ልጅን ከእናቱ፣ ከአገሩና ከቋንቋው ይለያል። ነገር ግን ሰው ወስዶ የሸጠውን ልጅ እግዚአብሔር ለብዙዎች የሚጠቅም አደረገው።

አናሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ፤ በ1881 ወደ ምፅዋ ተመለሱ። ልባቸው የነበረው ከተነጠቁበት ሕዝብ ዘንድ ነበር። በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመግባት ተጉዘው እስከ አሶሳ አካባቢ ቢደርሱም መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ነገር ግን ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው በ1886 እንደ ገና ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

እስቲ ወጣቶች ይህን እናስብ። ትምህርቱ አለ፤ ጥሪው አለ፤ ፈቃደኛው ልብ አለ፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት ስጦታዬ ከንቱ ቀረ የማይል ማን ነው? አናሲሞስ ግን ራሳቸው መድረስ ወዳልቻሉበት ቦታ ቃሉ እንዲደርስ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። አናሲሞስ የተማሩና ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ የገዛ ቋንቋቸው ግን አንሷቸው ነበር። ከሕዝባቸው የተለዩት በልጅነት ስለ ሆነ፣ ልጅ የሚናገረውን ኦሮምኛ እንጂ ሽማግሌዎች የሚመክሩበትንና የሚያስታርቁበትን ጥልቅ ኦሮምኛ በሙላት አልያዙም ነበር። ይህን ጐድሎ የሞሉት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም በባርነት የተሸጡ ነበሩ፤ በ1886 በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከብ አስጥሏቸው ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት መጡ። ገና ወጣት ሲሆኑ የቋንቋቸውን ቃላት እየሰበሰቡ ለትርጉሙ ሥራ አቀረቡ፤ ከዚህም ሌላ 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጻፉ። ከእነዚህም አያሌዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ገቡ።

በዚህ ዓይነት አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር፣ በቅዱስ ክሪሾና፣ በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። መጽሐፉ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በአናሲሞስ ስም ነው። ይሁን እንጂ የአንዱ ትምህርት ያለ ሌላዋ ትዝታ፣ የአንዷም ትዝታ ያለ ሌላው ትምህርት ባልበቃ ነበር።

በ1904 አናሲሞስ በመጨረሻ ወደ ወለጋ ገቡ፤ አስቴርም አብረው ሄዱ። የነቀምቱ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ስብከታቸውና ትምህርታቸው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ስለ ነበር ብዙዎች ይከተሏቸው ጀመር። ነገር ግን ክስ ተነሣባቸውና በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱላቸው ድረስም በማስተማር ሥራ ተወስነው ቆዩ። ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምት ዐረፉ።

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

1ኛ/ ስጦታ የሚለካው በሚታየው ክብር ሳይሆን በሚሰጠው ጥቅም ነው። አናሲሞስ ከመድረክ በታገዱበት ዘመን ፊደል ያስቈጥሩ ነበር። ፊደል የቈጠረው ልጅ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ ለቤተ ሰቡ ያሰማል። መድረክ ሲዘጋ የሚያልቅ ስጦታ ቢኖር፣ ምናልባት ለመድረኩ እንጂ ለወንድም የታሰበ አልነበረም።

2ኛ/ ለማንም ሁሉ ነገር አልተሰጠም። ስዊድን አገር ድረስ ሄዶ የተማረው ሰው አንዲት ወጣት መጠየቅ ነበረበት። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር ይህን በተለይ ልብ ልንለው ይገባል። ከአያቶቻችን ጸሎት፣ ከገጠር ከመጣው ጓደኛችን አነጋገር፣ ከማይዘምሩትና ከማይሰብኩት፣ ወንበር ከሚያስተካክሉትና የታመመን ከሚጠይቁት የምንቀበለው አለን። ካልተቀበልን የእኛም ስጦታ እንደ ጐደለ ይቀራል።

3ኛ/ ስጦታ ጊዜውን ይጠብቃል። ከስዊድን ከተመለሱበት ዓመት አንሥቶ ወለጋ እስኪገቡ 23 ዓመታት አለፉ። መጽሐፍ ቅዱሱ የተተረጐመው በሩ ተዘግቶ በነበረባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። በመንገዱ ስኬት ብቻ ብንለካቸው ኖሮ አልተሳካላቸውም ባልን ነበር።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት ስንሰበሰብ፣ ስጦታዬ ምንድን ነው ብለን ብቻ አንጠያየቅ። ከመካከላችን የጐደለው ማን ነው፤ ምንስ ጐደለው፤ በእጃችን ካለው የትኛው ይሞላለታል? እንዲህ ብለን እንጀምር። መልሱ ትንሽ ቢመስል አንናቀው፤ የአስቴርም ስጦታ በልጅነት የሰሙትን ተረት ከማስታወስ የጀመረ ነበር።

የስጦታ ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምንጠቅም ያድርገን። አሜን።