ቢጫው ንጣፍ ጌጥ አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ የምትረግጧቸው እብጥ እብጥ ያሉ ቢጫ ንጣፎች ለውበት የተነጠፉ አይደሉም። ታሪካቸው የሚጀምረው ከጃፓኗ ኦካያማ ከተማ ነው።

ሴይቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1926 ተወለደ። መሐንዲስ እንዳይመስላችሁ፤ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። የጓደኛው የማየት አቅም እየደከመ ሲሄድ ግን ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም። ዓይን ያላየውን እግር ቢያውቀውስ ብሎ አሰበ። በ1965 ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ በጫማ ሶል የሚሰማ ንጣፍ ሠራ። ማርች 18 ቀን 1967 ደግሞ 230 ንጣፎች በኦካያማ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ባለ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ተነጠፉ።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጃፓን ባቡር ጣቢያዎች ተቀበሉት፤ ከዚያም ወደ ሌላው ዓለም ተሻገረ። ዛሬ ቋንቋው ሁለት ነው፦ ረጃጅሙ መስመር “ቀጥል”፣ ክብ ክቡ ነጥብ ደግሞ “ቁም፣ ተጠንቀቅ” ማለት ነው።

ሚያኬ በ1982፣ በ56 ዓመቱ አረፈ። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ጉግል በ2019 የመነሻ ገጹ ላይ ሲዘክረው ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ወጪና ጥቅም ማስላት እንወዳለን። የዚህኛው ሒሳብ ቀላል ነው፤ መስመሩ ላይ አንድ መኪና ከቆመ ወይም የሱቅ ዕቃ ከተደረደረ፣ የመቶ ሜትሩ ንጣፍ በሙሉ ለዓይነ ስውሩ መንገደኛ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ንጣፉን ማንጠፍ የመንግሥት ሥራ ሊሆን ይችላል። ክፍት ማድረጉ ግን የእኛም ነው። እስቲ ስልካችሁን እየነካካችሁ ስትቆሙ እግራችሁ ሥር ምን እንዳለ እዩ።