የሣሩ ወንዝ ጠበቃ፤ የወይዘሮ ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን ልማድ ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ይጦሩታል፤ እርሱም ተቀምጦ ይመርቃል። ስለዚህ አንዲት ሴት በ79 ዓመታቸው ማኅበር አቋቁመው፣ ለራሳቸው ጥቅም ሳይፈልጉ፣ ከሹማምንትና ከባለሀብቶች ጋር ዓመታት ተሟገቱ ቢባል ለማመን ያስቸግር ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳ ግዛት እንዲህ ያደረጉ ሴት ነበሩ። ስማቸውም ወይዘሮ ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ይባላል። የደከሙለት ነገር የፍሎሪዳ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻና ያን ዳርቻ የሚያጠጣው ኤቨርግሌድስ የተባለው ታላቅ ረግረግ ነው። ታሪካቸውን እንደሚከተለው በአጭሩ አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወይዘሮ ማርጆሪ በ1890 በሚኒያፖሊስ ከተማ ተወለዱ። ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ስለ ተለያዩ ከእናታቸው ጋር ወደ ማሳቹሴትስ ሄደው በአያቶቻቸው ቤት አደጉ። እናታቸው የአእምሮ ሕመም ነበረባቸውና የልጅነታቸው ዘመን ብዙ ሐዘን ያለበት ነበር፤ መጽሐፍ ማንበብም መጽናኛቸው ሆነ። በ1912 ከዌልስሊ ኮሌጅ ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት እናታቸው ዐረፉ። ጥቂት ቆይተው ትዳር ያዙ፤ ሆኖም ትዳሩ አልሰመረም። በ1915 ለብዙ ዓመት ተለይተዋቸው ወደ ነበሩት አባታቸው ወደ ማያሚ ሄዱ።

ማያሚ በዚያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች። አባታቸው አቶ ፍራንክ ስቶንማን የጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ቀደም ሲል የፍሎሪዳ አገረ ገዥ የነበሩት ብሮዋርድ ረግረጉን አድርቀው እርሻ ለማድረግ ባሰቡ ጊዜ፣ አቶ ፍራንክ በጋዜጣቸው ላይ ተቃውመው ጽፈው ነበር። ልጃቸውም በዚሁ ጋዜጣ ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፓሪስ ሄደው በቀይ መስቀል አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ማያሚ ተመልሰው በጋዜጠኝነት ቀጠሉ። በኋላ ጋዜጣውን ትተው አጫጭር ልብ ወለዶችን በመጻፍ ይተዳደሩ ጀመር። ኮኮነት ግሮቭ በተባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት አሠርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያች ቤት ኖሩ። መኪና መንዳት ከቶ አልተማሩም።

የወይዘሮ ማርጆሪን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ የቦታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በመካከለኛው ፍሎሪዳ የኪሲሚ ወንዝ ወደ ኦኪቾቢ ሐይቅ ይገባል። በጥንት ጊዜ በዝናብ ወራት ሐይቁ ሲሞላ፣ ውሃው ከደቡብ ዳርቻው ፈስሶ ጠርዙ እንደ መጋዝ በሚቆርጥ ረጅም ሣር መካከል ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይጓዝ ነበር። የውሃው ጥልቀት ትንሽ ሲሆን ወርዱ ግን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በመጨረሻም ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ የሚተክለው ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ወደሚበቅልበት ጠረፍ ይደርሳል። በዚያም ጣፋጩ ውሃና የባሕሩ ውሃ ይቀላቀላሉ። ዓሣና ሽሪምፕ በማንግሮቩ ሥር ያድጋሉ፤ ዛፉም ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉን ያበርዳል። ከረግረጉ ወደ ምድር ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ደግሞ የማያሚ ሕዝብ የሚጠጣው ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ቢቀንስ የባሕሩ ጨው ወደ ምድሩ ውሃ ይገባል፤ ጠረፉም ይጎዳል። ስለዚህ ጠረፉን ለመጠበቅ የፈለገ ሰው ከጠረፉ ርቆ ያለውን ውሃ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

በዚያ ዘመን ግን ብዙ ሰው ረግረጉን የትንኝና የእባብ መኖሪያ ብቻ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። አቶ ኧርነስት ኮ የተባሉ ሰው ቦታው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ብዙ ዓመት ሲደክሙ፣ ወይዘሮ ማርጆሪ በኮሚቴያቸው ገብተው ረዷቸው። በ1940ዎቹም አንድ አሳታሚ ስለ ትንሹ የማያሚ ወንዝ መጽሐፍ እንዲጽፉ ቢጠይቃቸው፣ እርሳቸው በዚያ ፈንታ ስለ ኤቨርግሌድስ ለመጻፍ አስፈቀዱ። አምስት ዓመት ያህል ሊቃውንትን እየጠየቁ መረመሩ። ረግረግ የሚባለው ቦታ በእውነቱ በዝግታ የሚፈስ ሰፊ ወንዝ መሆኑን ተረድተው መጽሐፉን የሣር ወንዝ አሉት። መጽሐፉ በ1947 ታተመ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፕሬዚዳንት ትሩማን ብሔራዊ ፓርኩን መረቁ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ስለ ቦታው ያላቸው አስተያየት መለወጥ ጀመረ።

ዳሩ ግን አደጋው አላለፈም። ፓርኩ የያዘው የረግረጉን አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ውሃው የሚመጣበትን አገር መሐንዲሶች ጎርፍ ለመከላከል ሲሉ በቦይና በግድብ ቆራረጡት። 166 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይፈስ የነበረው የኪሲሚ ወንዝ በ1971 ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ቦይ ተለወጠ። ከዚህም በላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፓርኩ በስተሰሜን፣ በረግረጉ መካከል፣ በዓለም ካሉት ሁሉ የሚበልጥ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ታሰበና አንዱ መንደርደሪያ ተጀመረ።

ይህን የሚቃወሙ ወጣቶች ወደ ወይዘሮ ማርጆሪ መጥተው እንዲረዷቸው ለመኗቸው። እርሳቸውም የአንድ ሰው ድምፅ ብቻውን እንደማይሰማ፣ ማኅበር እንደሚያስፈልግ ነገሯቸው። እንግዲያውስ ማኅበሩን ለምን እርሳቸው አያቋቁሙም ተባሉ። በዚህ ምክንያት በ1969 የኤቨርግሌድስ ወዳጆች የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ድኻም ቢሆን መግባት እንዲችል መዋጮው አንድ ዶላር ብቻ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አባላቱ ወደ 3,000 ደረሱ። የብዙ ማኅበራትና የሊቃውንት ድካም ተጨምሮበት፣ በ1970 መጀመሪያ የአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ እንዲቆም ተወሰነ። በ1974ም በአካባቢው ያለው ቢግ ሳይፕረስ የተባለው ሰፊ ረግረግ በሕግ የተጠበቀ ቦታ ሆነ።

ወይዘሮ ማርጆሪ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይሄዱ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ፣ ጆሯቸውም ከብዶ ነበር፤ አንደበታቸው ግን አልደከመም። አንድ ጊዜ በሕዝብ ስብሰባ ላይ መሬታቸው እንዲደርቅላቸው የሚፈልጉ ሰዎች ጮኹባቸው። እርሳቸው ሳይቆጡ፣ አሮጊት እንደ ሆኑ፣ ሙቀቱንም እንደ ለመዱት፣ ሌሊቱን ሙሉ ለመቆየት ጊዜ እንዳላቸው ነገሯቸው። የሚያስገርመው ደግሞ ወደ ረግረጉ ራሱ አዘውትረው አይሄዱም ነበር፤ ትንኙና እርጥበቱ አይስማማቸውም ነበርና። አንድን ነገር ለመጠበቅ ለራስ ደስታ መጠቀሚያ ማድረግ ግድ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን። ለሰውም ያስቡ ነበር፤ በሰፈራቸው የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን በቤታቸው ውሃና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ከሌሎች ጋር ሆነው ታግለዋል።

በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በአገሪቱ ለሲቪል ሰዎች ከሚሰጡት ሽልማቶች ከፍተኛ የሆነውን የነጻነት ሜዳልያ ሸለሟቸው። ግንቦት 14 ቀን 1998 በ108 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ፤ አመዳቸውም በኤቨርግሌድስ ላይ ተበተነ። የለመኑት ሁሉ ተፈጸመ ማለት አይቻልም፤ ከጥንቱ ረግረግ ግማሽ የሚያህለው ወደ እርሻና ወደ ከተማ ተለውጧል። ሆኖም እርሳቸው ባለፉ በዓመቱ የኪሲሚ ወንዝ ከፊሉን ወደ ጥንት መንገዱ የመመለስ ሥራ ተጀምሮ በ2021 ተፈጸመ። ቦዩን ለመቆፈር ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲፈጅ፣ የተበላሸውን ለማረም ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። ይህ ለአገር ሁሉ ትምህርት ይመስለኛል።

ከእኛ መካከል ስማቸውን የሰማ ቢኖር በሐዘን ምክንያት ይሆናል። በፓርክላንድ ከተማ በስማቸው የተሠየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለና፣ በ2018 በዚያ ትምህርት ቤት 17 ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ከጥፋቱ የተረፉት ተማሪዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ሕግ እንዲሻሻል ለመጠየቅ ወደ ሹማምንቱ ሄዱ። እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በማን ስም እንደ ተጠራ ለማወቅ ፈልጌ ነው ወደዚህ ታሪክ የደረስሁት።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ስለ ሆነን ምን ልናደርግ እንችላለን እንላለን። አረጋውያንም ዘመናችን አልፏል ይላሉ። ወይዘሮ ማርጆሪ ግን በ79 ዓመታቸው በአንድ ዶላር መዋጮ ጀመሩ። እንግዲህ በየአካባቢያችን ያለው ጨፌና ወንዝ ሲደርቅ ወይም ሲቆሽሽ ባየን ጊዜ፣ ገና ነን ወይም አልፎብናል ብለን ከማመካኘት ይሰውረን።