ሰር አልበርት ሃዋርድ፦ ከገበሬ የተማሩ የብስባሽ ሊቅ

የብስባሽ ወይም የኮምፖስት አዘገጃጀት በዓለም ዙሪያ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሰር አልበርት ሃዋርድ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሸር ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ትምህርታቸውን በለንደንና በካምብሪጅ ካጠናቀቁ በኋላ በካሪቢያን ደሴቶች በሰብል በሽታ ተመራማሪነት ሠርተዋል። ይሁንና ለገበሬው የሚሰጡትን ምክር ራሳቸው በማሳ ላይ የሚሞክሩበት መሬት ስላልነበራቸው ሥራቸው ጎዶሎ ሆኖ ይሰማቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1905 በሕንድ አገር በፑሳ የምርምር ጣቢያ ሲመደቡ የሚፈልጉትን መሬት አገኙ። የዕፅዋት ተመራማሪ ከነበሩት ባለቤታቸው ከወይዘሮ ጋብሪኤል ጋር በመሆንም የተሻሻሉ የስንዴ ዝርያዎችን አወጡ። ከዚህ ይበልጥ የሳባቸው ግን የአካባቢው ገበሬ ነበር። ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ጤናማ ሰብል ሲያመርት ስላዩ፣ ሊያስተምሩት በመጡት ገበሬ ፊት ተማሪ ሆኑ።

ሆኖም ገበሬው አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ማገዶ ስለሌለው እበቱን ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ ማሳው ግን ይራባል። ይህ ለእኛም አገር ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በኢንዶር ከተማ የዕፅዋት ምርምር ተቋም አቋቁመው ሲመሩ፣ ከሕንዳዊው ባልደረባቸው ከየሽዋንት ዋድ ጋር መፍትሔ ፈለጉ። ያገኙትም ጥቂቱን እበት ማብቃቃት ነበር። ሦስት ወይም አራት እጅ የሰብል ተረፈ ምርት፣ አረምና ቅጠል ከአንድ እጅ እበት ጋር ይነባበራል፤ አመድ፣ አፈርና የከብት ሽንት የነካው አፈር ይጨመርበታል፤ ውኃም ይርከፈከፍበታል። በበጋ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ፣ በክረምት ደግሞ ውኃ እንዳይተኛበት ከመሬት በላይ ይከመራል። ሦስት ጊዜ ያህል ተገላብጦ በ3 ወር ገደማ ይደርሳል።

ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። አገዳውንና ቅጠሉን ሲመገቡ ክምሩ ይግላል፤ በውስጡ የታሰረው ንጥረ ነገርም ተፈትቶ እንደገና ለሰብል ሥር ይደርሳል። እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ፍጡር ምግብ፣ ውኃና አየር ይፈልጋሉ። ክምሩ ከደረቀ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ውኃ ከበዛበት አየር ያጣሉ፣ ክምሩም ይሸታል፣ ናይትሮጅኑም ይባክናል። ደረቅ አገዳ ብቻውን ቢከመር ናይትሮጅን ስለሚያጥራቸው ቶሎ አይበሰብስም፤ እበቱ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1930 ካረፉ በኋላ ሃዋርድ ከሕንድ ወጡ። ከዋድ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1931 ታተመ፤ ዘዴውም በ1930ዎቹ እስከ ጎረቤታችን ኬንያ የቡና እርሻዎች ደረሰ። በ1934 ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኙ። የፋብሪካ ማዳበሪያን አጥብቀው በመንቀፋቸው ግን ከብዙ የዘመኑ ሳይንቲስቶች ጋር ሲከራከሩ ኖረው በ1947 ዐረፉ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን ማዳበሪያዎች አቀናጅቶ መጠቀምን ይመክራሉ፤ የብስባሽ ጥቅም ግን አከራካሪ አይደለም።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት በትግራይ አርሶ አደሮች ብስባሽ አዘጋጅተው በማሳቸው ላይ ውጤቱን አይተዋል። የሃዋርድ ሕይወት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ከአውድማ የተረፈው አገዳና ከማሳ የታረመው አረም ከመቃጠሉ በፊት፣ ያለችው ጥቂት እበት ታክላበት ወደ መሬቱ ይመለስ። ለወረዳ ባለሙያዎቻችንም እንዲሁ፦ ከማስተማር በፊት ገበሬውን ማዳመጥ ይቅደም።