ከጢሮስ መጥቶ አክሱምን አገሩ ያደረገው እንግዳ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን

ሐምሌ 26 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ጳጳሷን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን መታሰቢያ ታከብራለች። ክረምቱ በበረታበት፣ ወንዙ ሞልቶ መንገደኛ ከመንገዱ በሚቀርበት በዚህ ወቅት የሚታሰቡት እኒህ አባት፣ ራሳቸው ከመንገዳቸው ቀርተው አገር ያገኙ ሰው ነበሩ። ምእመናን ሁሉ ጵጵስናን ለኢትዮጵያ ያመጡ አባት መሆናቸውን ያውቃል። ነገር ግን መስቀልና በትረ ሙሴ ከመጨበጣቸው አስቀድሞ፣ ዘመድ የሌላቸው፣ ቋንቋ የማይሰሙ፣ በሰው አገር በሰው ቤት የሚያገለግሉ ስደተኛ ልጅ እንደነበሩ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናስበው ይህንኑ የሕይወታቸውን ክፍል ነው። ባዕድ የነበረው ልጅ እንዴት ለማደ? ወዳጅስ እንዴት አፈራ?

ታሪኩ የሚጀምረው በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ፣ ዛሬ የሊባኖስ ግዛት በሆነችው በጥንታዊቷ የጢሮስ ከተማ ነው። ዘመኑም አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነበር። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ፣ የሩቅ አገሮችን ለማየትና ዕውቀቱን ለማስፋት በመሻት በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ደቡብ ወረደ። ከእርሱም ጋር የሚያስተምራቸው ሁለት ወጣት ዘመዶቹ ነበሩ። ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባሉ ነበር። ኤዴስዮስ በስንክሳራችን ሲድራኮስ ተብሎ ይጠራል። ሜሮጵዮስ ያሰበውን አይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ከአንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ስለነበር፣ የወደቡ ሰዎች በመርከቢቱ ላይ አደጋ ጣሉ። ፈላስፋውና መርከበኞቹ በሙሉ አለቁ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ያገኟቸውም ሰዎች ራርተው ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

እንግዲህ የፍሬምናጦስ የአክሱም ኑሮ የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው። ሌላው ሰው ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ቢያንስ ስንቁን ቋጥሮ፣ ወላጆቹን ተሰናብቶ ይሄዳል። እርሱ ግን መምህሩን በዓይኑ ፊት አጥቶ፣ ሀብቱንም ተስፋውንም ባሕር ዳርቻ ላይ ጥሎ ነው የገባው። የሚገባበትም ቤት የገዛ ወገኖቹን ከገደለው ሕዝብ ወገን ነበር። ቂም ለመያዝ ከእርሱ የበለጠ ምክንያት የነበረው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ታሪኩ ግን የሚነግረን ቂም እንዳልያዘና በተሰጠው ሥራ ታምኖ እንደተገኘ ነው።

ንጉሡ ልጆቹን ተመልክቶ እንደየጠባያቸው ሥራ ሰጣቸው። ኤዴስዮስን የዋህና ቅን ሆኖ ስላገኘው ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይና ብልህ መሆኑን ስለተረዳ መዛግብቱንና ጽሕፈቱን አስረከበው። በዚያ ዘመን አክሱም የገነነች የንግድ መንግሥት ነበረች። በአዱሊስ ወደብ በኩል የዝሆን ጥርስና ሌላውም የአገሩ ሀብት ይወጣ ነበር። ከግብፅ፣ ከሶርያና ከዐረብ አገር ነጋዴዎች ይመጡ ነበር። ነገሥታቱ በስማቸው ገንዘብ ያሠሩ ነበር፤ በገንዘቡም ላይ ግሪክኛ ይጻፍበት ነበር። ስለዚህ ሒሳብና ጽሕፈት የሚያውቅ፣ ከውጭ ሰው ጋር መነጋገር የሚችል ታማኝ ሰው ለቤተ መንግሥቱ እጅግ ያስፈልገው ነበር። ፍሬምናጦስ የተማረው ትምህርት ከመርከቢቱ ጋር አልሰጠመም፤ በእንግድነት አገሩ የመጀመሪያው መተዋወቂያው ሆነለት።

ነገር ግን ሥራ ማግኘትና ወዳጅ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንጉሥ ሹመት ይሰጣል እንጂ ፍቅርን ሊሰጥ አይችልም። ፍቅር የሚገኘው በዕለት ተዕለት አብሮ መኖር፣ የሰውን ቋንቋ ሰምቶ፣ ሐዘኑንና ደስታውን ተካፍሎ ነው። በአበው ትውፊት እንደሚነገረው፣ በአክሱም እንበረም የሚባል ሊቀ ካህናት ነበረ። ፍሬምናጦስ ከእርሱ ጋር ስለ ሃይማኖት ይነጋገር፣ የአገሩንም ሥርዓት ይጠይቅ ነበር። እንግዳው ወጣት ለማስተማር ከመነሣቱ በፊት ጠያቂና አድማጭ ሆኖ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። ይህ ትሕትና በኋላ ለሠራው ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኗል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከጊዜ በኋላ ንጉሡ ታመመና የሚሞትበት ቀን ቀረበ። ወራሹ ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ንጉሡ ከመሞቱ በፊት ሁለቱን ወጣቶች ነጻ አወጣቸው፤ ወደ ወደዱበት እንዲሄዱም ፈቀደላቸው። ለስደተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ምሥራች አለ? ጢሮስ በልባቸው ነበረች፤ እናት አባታቸውም በዚያ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ንግሥቲቱ መጥታ ለመነቻቸው። ልጇ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን ሸክም አብረዋት እንዲሸከሙ፣ ይልቁንም ፍሬምናጦስ በምክሩ እንዲያግዛት ጠየቀች። በመላው መንግሥቷ ከእነርሱ የበለጠ የምታምነው ሰው አላገኘችም ነበር። ትናንት በምርኮ የገቡ ልጆች ዛሬ የነገሥታት ቤት አደራ ተቀባይ ሆኑ። እነርሱም የንግሥቲቱን ጭንቀት አይተው የአገራቸውን ናፍቆት ወደ ኋላ አደረጉ። በገዛ ፈቃዳቸው በአክሱም የኖሩት ከዚህ ቀን ጀምሮ ነው። አስቀድሞ ያኖራቸው ግዳጅ ነበር፤ አሁን ግን ያኖራቸው ወዳጅነት ሆነ።

ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ ሲገባ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ለንግድ ወደ አክሱም ከሚመጡት የሮም ግዛት ሰዎች መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን እየጠየቀ ፈለጋቸው። ባገኛቸውም ጊዜ መብት ሰጣቸው፤ በየሚያርፉበትም ስፍራ ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ቤት እንዲሠሩ አበረታታቸው። ለሕንፃው የሚሆን ቦታና የሚያስፈልገውን ሁሉ ከራሱ ወገን ይሰጥ ነበር። ብቸኝነትን የቀመሰ ሰው ነውና የሌላውን እንግዳ ብቸኝነት ያውቅ ነበር። ነገር ግን ይህ ማኅበር በሩን በአገሬው ላይ የዘጋ የባዕዳን ማኅበር አልነበረም። በእነዚያ ጥቂት የጸሎት ቤቶች የተዘራው ዘር ወደ አገሬው ሰው አልፎ ማደግ ጀመረ።

ልዑሉ አድጎ መንግሥቱን ለመረከብ ሲደርስ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተቀበሉትን አደራ አንድ ሳያጎድሉ አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቆዩ አጥብቀው ቢለምኗቸውም፣ በዚህ ጊዜ ተሰናብተው ወጡ። ከዚህ በኋላ የሁለቱ መንገድ ተለያየ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጥኖ ሄደ፤ በዚያም በክህነት አገለገለ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ የሰማው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ መሆኑን መስክሯል። ወደ ቤቱ በመመለሱ ኤዴስዮስን የሚነቅፈው የለም፤ እርሱ ባይመለስ ኖሮ ይህን ታሪክ ዛሬ በዚህ ዝርዝር ባላወቅነው ነበር። ፍሬምናጦስ ግን የእናት አባቱን ደጅ ሳይረግጥ ወደ እስክንድርያ አቀና። በአክሱም የተዋቸው ክርስቲያኖች እረኛ እንደሌላቸው እያሰበ ወደ ጢሮስ መሄድ አልሆነለትም።

በእስክንድርያ መንበር ላይ የነበሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት ታላቁ ቅዱስ አትናቴዎስ ናቸው። ፍሬምናጦስ የመጣበትን ጉዳይ ዘርዝሮ ነገራቸው፤ ብዛት ላላቸው ምእመናንና በባዕድ ምድር ለተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የሚገባ ጳጳስ እንዲላክ ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ነገሩን መርምረው፣ ካህናቱን ሰብስበው፣ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ እንደማይገኝ ተረዱ። ለሌላ ሰው ሹመት ሊለምን የመጣውን ራሱን ሾመው ላኩት። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ንጉሡን በሕፃንነቱ ያገለገለ፣ ሕዝቡም የሚያውቀው ሰው ከወዴት ይመጣል?

አቡነ ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም ሲመለሱ አገባባቸው እንደ ቀድሞው አልነበረም። ያን ጊዜ እየተነዱ፣ አሁን ግን እየተጠበቁ ገቡ። ሕዝቡ አባ ሰላማ፣ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራቸው፤ የሰላም አባት፣ ብርሃንን ገላጭ ማለት ነው። የቀድሞ ወዳጃቸውን እንበረምንም አጥምቀው፣ ክህነት ሰጥተው፣ ሕዝበ ቀድስ ብለው እንደሰየሙት በትውፊት ይነገራል። ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃና አጽብሐ ብላ ጥቅምት 4 ቀን የምታስባቸው ወንድማማች ነገሥታትም የክርስትናው ደጋፊዎች ሆኑ። የታሪክ ሊቃውንት ስለ ንጉሥ ኢዛና የሚያቀርቡት ማስረጃ ለውጡን በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያው ዘመኑ በታተመው ገንዘብ ላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ይታይ ነበር። በኋላ ግን በስፍራው መስቀል ተተካ። ከዓለም ነገሥታት ሁሉ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት ቀደምቶች አንዱ እርሱ ነው። የግእዝ ፊደልም አናባቢ ምልክቶቹን ይዞ የሚታየው በዚሁ በኢዛና ዘመን በተቀረጹ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ነው፤ ትውፊትም ይህን ሥራ ከአባ ሰላማ ስም ጋር ያያይዘዋል።

ወዳጅነት የሚለካው ግን በችግር ቀን ነው፤ ለአባ ሰላማም ያ ቀን መጣ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ዳግማዊ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለነበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ቅዱስ አትናቴዎስን ከመንበራቸው አሳደደ። በስፍራቸውም ጊዮርጊስ የተባለው ቀጰዶቅያዊ ተሾመ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ሳይወሰን ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመ ነውና ወደ ግብፅ ተልኮ በአዲሱ ሹም ፊት ይመርመር የሚል ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ በጽሑፋቸው ውስጥ ስላኖሩት እስከ ዛሬ ቆይቷል። ጠያቂው በዘመኑ ከነበሩት ነገሥታት ሁሉ ኃያል ነበር። ተፈላጊውም በትውልዱ የራሱ የሮም ግዛት ሰው ነበር። አንድን ባዕድ ለገዛ መንግሥቱ አሳልፎ መስጠት ለነገሥታት ቀላል ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸንታ መኖሯ፣ አባ ሰላማንም እስከ ዛሬ አባቴ እያለች መጥራቷ የአክሱምን መልስ ይነግረናል። ጢሮሳዊው ልጅ በዚያን ጊዜ የአክሱም ሰው ሆኖ ነበር።

ከአባ ሰላማ በኋላ ለ1600 ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳሳት ከእስክንድርያ ይላኩ ነበር፤ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከሆኑ ድረስ ግንኙነቱ በልዩ ልዩ መልክ ቀጥሏል። ከተላኩት አባቶች ብዙዎቹ አገሩንም ቋንቋውንም ሳያውቁ ሹመቱን ይዘው የገቡ ናቸው። የአባ ሰላማ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እርሳቸው አስቀድመው አገልጋይ፣ ቀጥለው ወዳጅ፣ በመጨረሻ አባት ሆኑ።

ዛሬ ይህን ታሪክ ስናስብ ከጢሮስ ጋር ያለን ዝምድና በሌላ መልክ እንደቀጠለ እናያለን። ያች የፍሬምናጦስ የትውልድ ከተማ በምትገኝበት በሊባኖስ ምድር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን በሰው ቤት እያገለገሉ ይኖራሉ። ሌሎችም በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ተበትነዋል። እሑድ እሑድ ተፈላልገው በአንድነት ሲጸልዩ፣ ፍሬምናጦስ በአክሱም ለነጋዴዎቹ የሠራውን ሥራ እነርሱም ለራሳቸውና ለባልንጀሮቻቸው እየሠሩ ነው። ልጅ በሰው አገር ያላት እናት በዛሬው በዓል አባ ሰላማን ስታስብ፣ ቅዱሱ የእንግድነትን ሌሊት ያውቁታልና ልመናዋ የሚገባቸው አባት አላት።

በአገራችን ላለነው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ጥያቄ ያቀርብልናል። ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ልጆች ያገኙት ሰዎች ባይራሩ ኖሮ፣ ንጉሡ ችሎታቸውን ባያይ፣ ንግሥቲቱም ባዕዳን ናቸው ብላ ባታምናቸው ኖሮ ምን እናጣ እንደነበር ማሰብ ይገባናል። በደጃችን የቆመው እንግዳ፣ ከሌላ አውራጃ ተፈናቅሎ ወይም ከጎረቤት አገር ተሰድዶ የመጣው ሰው፣ ምን ይዞልን እንደመጣ አናውቅም። በበዓሉ ማዕድ ለእርሱ የሚሆን ስፍራ ማዘጋጀት የአባ ሰላማን በዓል በተገባው መንገድ ማክበር ነው።

የአባታችን የአቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በረከት በአገር ውስጥም በባዕድ ምድርም ካሉት ልጆቻቸው ሁሉ ጋር ይሁን። መልካም በዓል።