በመስታወት ላይ ችቦ የለኮሱት የአንኮበሩ ሰዓሊ

እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ማዕረጋቸው ረጅም ስለሆነ፣ አንባቢ ይፍቀድልኝና ከዚህ በኋላ ሎሬት አፈወርቅ እያልኩ እቀጥላለሁ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1932 አንኮበር ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ የኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ ልጅነታቸውም በጦርነት መካከል አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ከጦርነት ለወጣች ድሃ አገር መሐንዲስ እንጂ ሰዓሊ ምን ያደርግላታል ቢባል የሚገርም አልነበረም። እሳቸው ግን ምሕንድስናውን ትተው ለንደን በሚገኘው ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ሥዕል አጠኑ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ቀላል ውሳኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ የግል ትርዒታቸውን አሳዩ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብ አውሮፓን እየዞሩ የባለቀለም መስታወት ጥበብን ተማሩ።

እኔን ወደ እኚህ ሰው የሳበኝ እሳት ነው። ለአኒሜሽን ደመራ ለመሳል ስነሳ ከሁሉ ያስቸገረኝ ነበልባሉ ሆነ። የምኖርባት ጫጫ ብርዳም ስለሆነች እሳት ከዓይኔ አይጠፋም። ኩበት ብዙም ሳይንቦገቦግ ቀስ ብሎ ይፈማል፤ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቦግ ብሎ ወዲያው ይወርዳል። የጋለው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከግራና ከቀኝ ወደ ሥሩ ይገባል፤ ስለዚህ ነበልባሉ ወደ ላይ እየሾለ ሄዶ ጫፉ ተበጥሶ ይጠፋል። ይህን ለማሳየት ለአንድ ሴኮንድ ፊልም 24፣ ቢቀነስ 12 ሥዕል ያስፈልጋል።

ሎሬት አፈወርቅ ግን የነበራቸው የማይንቀሳቀስ መስታወት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ሥራቸው የአህጉሪቱን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። በዚያ ውስጥ ችቦ የያዘ ቤተሰብ አለ። በወረቀት ላይ እሳት እንዲያበራ ከተፈለገ ዙሪያውን ማጨለም ግድ ነው፤ በመስታወት ግን ብርሃኑ እውነተኛ ነው፣ ከጀርባ ያልፋል። ፀሐይዋ ስትዞር፣ ደመና ሲጋርዳትም የቀለሙ ግለት ይለዋወጣል። በእኔ ግምት ለችቦው ነፍስ የሰጠው ይኸው ነው። ነበልባሌን ከመሃሉ አብርቼ ወደ ጠርዙ ማቅላት የጀመርኩትም ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። በዓመቱ ሎሬት አፈወርቅ በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። ቪላ አልፋ ብለው በሰየሙት፣ ንድፉን ራሳቸው ባወጡት ቤታቸው ሲሠሩ ኖረው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ፤ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። አዳራሹ እድሳቱ ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በ2024 ዳግም ሲመረቅ መስታወቶቹም ተጠግነው ነበር።