ማዳመጥን ሙያቸው ያደረጉት ካርል ሮጀርስ

በተለመደው ሕክምና ሐኪም ያዝዛል፣ ሕመምተኛ ይታዘዛል። በመንፈስ ጭንቀትና በስሜት ችግር ሕክምና ይህን ልማድ ከገለበጡት ምሁራን ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን።

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1902 በቺካጎ አቅራቢያ፣ ኦክ ፓርክ ውስጥ ከጥብቅ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማሩት ግብርና ነበር። በ1922 ለክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ ወደ ቻይና ተጉዘው ሲመለሱ ከወላጆቻቸው አስተሳሰብ ተላቀቁ። ኒውዮርክ ውስጥ ሥነ መለኮት ጀምረው ወደ ሥነ ልቡና ተሻገሩ።

ከዚያም በሮቸስተር ከተማ 12 ዓመት ያህል ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ሲረዱ ቆዩ። የሕይወታቸውን ትልቅ ትምህርት ያገኙት እዚያ ነው። የአንድ አስቸጋሪ ልጅ ጠባይ የተበላሸው እናቱ በሕፃንነቱ ስለገፋችው ነው ብለው ደመደሙ፤ ይህንኑ ሊያሳምኗት ብዙ ደከሙ። አልሆነም። ተስፋ ቆርጠው ሲሰነባበቱ ሴትዮዋ ከበሩ ዞር ብላ ለአዋቂዎችም ምክር ይሰጡ እንደሆነ ጠየቀች። ተመልሳም የትዳሯን መከራ ዘረገፈችው። ሮጀርስ አዳመጡ። ለእናቲቱም ለልጇም መሻሻል የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያመውን የሚያውቀው ባለቤቱ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዱ።

በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከአንድ ሰው ጋር ያደረጉትን ሕክምና በድምፅ ቀርጸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአንባቢ አቀረቡ። በዝግ በር የሚካሄደው ሥራ ለምርመራ ክፍት ሆነ። ከ1945 እስከ 1957 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ሕመምተኛ የሚለውን ስም ትተው ባለጉዳይ አሉ። ከሐኪሙም ሦስት ነገር ጠየቁ፦ አለማስመሰል፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልና ነገሩን በባለጉዳዩ ዓይን ማየት። ዘዴው ለከባድ ሕመም አይበቃም ያሉ ተቺዎች አልጠፉም፤ ዊስኮንሲን ውስጥ በስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ላይ ያካሄዱት ጥናትም የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላስገኘም።

በመጨረሻ ዘመናቸው ባላንጣዎችን ፊት ለፊት ማቀማመጥ ያዙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቤልፋስት ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችን፣ በ1982 የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮችና ነጮችን አገናኙ። በ1986 ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄዱ። በየካቲት ወር 1987 በ85 ዓመታቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፉ።

ሮጀርስ ያስቆሙት ጦርነት የለም። ሆኖም ማዳመጥ መስማማት እንዳልሆነ በሥራ አሳይተዋል። ስብሰባ ሁሉ ተናጋሪ እንጂ አድማጭ ባጣበት የስደት ኑሯችን፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ለእኛም ይበጀናል እንላለን።