የጠቈረውን ጨርቅ ያልናቁት ሐኪም

በዛሬው ጽሑፋችን ሕይወታቸውን የምናወሳላቸው ሰው በጦር ሜዳ ድል ያደረጉ ጀግና አይደሉም። የአንድ ሕፃን የሽንት ጨርቅ ስለ ምን እንደሚጠቍር ጠይቀው መልሱን እስኪያገኙ ያልተኙ ሐኪም ናቸው፤ ስማቸውም ሰር አርቺባልድ ጋሮድ ይባላል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጋሮድ በ1857 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሪህ በያዘው ሰው ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ እንደሚበዛ ያሳዩ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። ልጅየውም በኦክስፎርድና በሎንዶን ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታልም አገለገሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሽንቱ የሚጠቍር ሕፃን አጋጠማቸው። ይህ አልካፕቶኑሪያ የተባለው ነገር በዘመኑ ከአንጀት ጀርም የሚመጣ ይመስላቸው የነበሩ ሊቃውንት ነበሩ። ጋሮድ ግን በ1901 ዓ.ም. የሕፃኑ እናት ሌላ ልጅ ስትወልድ የጨቅላው ጨርቅ በጥንቃቄ እንዲታይ አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጨርቁ ጠቈረ፤ ነገሩም ከውጭ የገባ ሳይሆን ከልጁ ጋር የተወለደ መሆኑ ታወቀ። ወላጆቹም ሲጠየቁ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ሆነው ተገኙ።

እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥሮ መጋባትን ለሚያውቀው አንባቢያችን የዚህ ትርጕም ሩቅ አይሆንም። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሁለቱም አንድ ዓይነት ስውር ጉድለት ቢሸከሙ፥ የሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ በሆነ ዕድል ሕመሙን ሊወርስ ይችላል። የዘር ውርስ ሊቅ የነበሩት ዊልያም ቤትሰንም ነገሩ ከሜንዴል ሕግ ጋር እንደሚስማማ አስገነዘቧቸው። ጋሮድ ይህን በ1902 ዓ.ም. ጻፉ፤ በ1908 ዓ.ም. ደግሞ ሰውነት ምግብን የሚለውጥበት መንገድ አንድ ኤንዛይም ሲጐድልበት እንደ ተገደበ ወንዝ ከጉድለቱ በስተኋላ ያለው ነገር እንደሚከማች አስተማሩ።

ዓለም ግን ብዙም አላደመጣቸውም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ወሰደባቸው፤ ሦስተኛውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ1919 ዓ.ም. ጨመረባቸው። ኀዘናቸውን ይዘው በ1920 ዓ.ም. በኦክስፎርድ የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። በአልካፕቶኑሪያ የጐደለው ኤንዛይም ተለይቶ የታወቀው ግን በ1958 ዓ.ም. ነው።

አልካፕቶኑሪያ ሕፃን አይገድልም፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ሕግ የሚወረሱ ሌሎች ሕመሞች ግን ይገድላሉ። ጤናማ መስሎ የተወለደ ሕፃን ጡት መጥባት ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡት እምቢ ይላል፤ ይፈዛል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያንዘፈዝፈዋል። ማሕፀን ውስጥ ሳለ የእናቱ ሰውነት ያጸዳለት የነበረው መርዝ አሁን በደሙ ይከማቻል። ምልክቱ ከደም መመረዝ ጋር ስለሚመሳሰል ሐኪሙ በዚያ ብቻ ሊረካ ይችላል። የነቃው ሐኪም ግን ለጀርሙ መድኃኒት እየሰጠ የደሙን አሞኒያ፥ ስኳርና አሲድ ያስመረምራል። ሕመሙ ከተጠረጠረ ፕሮቲን ለጊዜው ይቋረጣል፤ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል፤ አሞኒያው አልወርድ ካለም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል። አሞኒያ አንጐልን የሚጐዳ በመሆኑ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ከዚህ በፊት በቤቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ ጨቅላ ነበር ወይ? ይህን መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። ጋሮድም ቤተሰቡን ጠይቀው ነበር ያገኙት። እኛም ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ከእኚህ ሰው የምንማረው ይኸው ነው፤ ሌላው አይቶ ያለፈውን ትንሽ ነገር ቆሞ መጠየቅ የአንድን ሕፃን ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።